የእምዬ የዘር ቅሎች



ስለ አያታችን ጥቂት እንድናጫውታችሁ ጠይቃችሁናል። ስለ እሳቸው የሚወራው ብዙ ነው። እኛ ግን ዛሬ የዘሩን ነገር ብቻ እንነግራችኋለን።

እምዬ እንላቸው ነበር። አገራችን ወሎ፣ ደላንታ ነው። ደጋ ስለሆነ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ይዘራል። የበልጉ ዝናብ ከቀረ ችግር ነው። ክረምቱም ከከዳ ደግሞ ወዮ ነው።

እምዬ የገብስ ዘር የሚመርጡት ከአውድማ ላይ አልነበረም። ሰብሉ ገና ቆሞ ሳለ እርሻው ውስጥ ይገባሉ። ዛላው የሞላውን፣ አገዳው የጠነከረውን፣ በሽታ ያልነካውን እየለዩ በእጃቸው ይቀነጥሳሉ። እሱ ለብቻው ይወቃል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። «ጥርስ ላይ ቀጭ ካላለ አልደረቀም» ይሉ ነበር። የደረቀውን ከተነፋ አመድ ጋር ቀላቅለው ቅል ውስጥ ይከቱና አፉን በእበት ይመርጉታል። አመዱ ነቀዝ ይከለክላል። ቅሎቹንም ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚያገኛቸው ቦታ ይሰቅሏቸዋል።

ጎረቤት ዘር ሲጎድልበት የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው። ማን ስንት ቁና እንደወሰደ ግድግዳው ላይ በከሰል እየጫሩ ይይዙ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ቤቱ ሲለቀለቅ ጭረቱ ጠፋና ጠብ ተነሣ። ሽማግሌ ገብቶ ነው የበረደው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ተጀመረ። ወደ እኛ ቀበሌ የደረሰው በ1973 ነው። ያን ጊዜ እምዬ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። «እኔ አሮጊቷን ፊደል ምን ያደርግልኛል?» ብለው ሳቁ። ለካ ያ የከሰል ነገር ከሆዳቸው አልወጣም ኖሮ፣ እንዝርታቸውን ይዘው ሄደው ከኋላ ተቀመጡ። ሌላው ሰው መጀመሪያ ስሙን መጻፍ ሲፈልግ፣ እሳቸው ዘማቹን ልጅ «ገብስ የሚለውን አሳየኝ» አሉት። ልጁ ግራ ቢገባውም አሳያቸው።

ከዚያ ወዲያ በየቅሉ አንገት ላይ ቁራጭ ወረቀት ታሰረ። «ገብስ»፣ «ባቄላ»፣ «ምስር»። «ስ»ን ገልብጠው ነበር የሚጽፏት። እኛ ትምህርት ቤት እንሄድ ስለነበር ሳቅንባቸው። ዛሬ ያሳፍረናል።

በ1976 በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ከዳ። በ1977 ረሃብ ገባ። ጎታው ባዶ ሆነ፤ በሬዎቹም በርካሽ ተሸጡ። ታናሽ እህታችን ከመደብ መነሣት አቃታት። አንድ ማታ አባታችን ተነሥቶ «ገብስ» የሚል ወረቀት ያለበትን ቅል አወረደ። እምዬ እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ዘር ነው።»

«እናቴ፣ ልጅቷ ልትሞትብኝ ነው። እኛ ካለቅን ዘሩን ማን ይዘራዋል?»

አባታችን ተሳስቷል ማለታችን አይደለም። እሱም እውነቱን ነበር።

እምዬ ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የገብሱን ቅል ተቀብለው መልሰው ሰቀሉት። የባቄላውን አወረዱ። አመዱን አጥበው፣ ባቄላውን እስኪፈርስ ቀቅለው፣ ከነውሃው ለልጅቷ እያጎረሱ አደሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሳቸውን ድርሻ «እኔ ጠግቤያለሁ» እያሉ ወደ እሷ ይገፉ ነበር። እኛም አመንናቸው። አመንን እንበል እንጂ፣ ማመኑ ስለቀለለን ነው።

በኋላ የእርዳታ ስንዴ ደረሰ። እህታችን ተረፈች። እምዬ ግን በግንቦት አረፉ።

በሐምሌ 1977 ዝናቡ ሲመለስ ያን ገብስ ዘራነው። በሬ ስላልነበረን በዶማ ቆፍረን ነው። ሁለት ጎረቤቶችም አንድ አንድ ጣሳ ተበደሩን። ያንን ደብተር ላይ ጻፍነው።

ቅሉ ከጊዜ በኋላ ተሰበረ። ወረቀቷ ግን እኛ ዘንድ አለች። ጭስ አጥቁሯታል፤ «ስ»ዋም እንደተገለበጠች ናት።