በዱብሮቭኒክ ግንብ ውስጥ በእግር
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በአድሪያቲክ ባሕር ዳር፣ በክሮኤሺያ ደቡባዊ ጫፍ የምትገኘው ዱብሮቭኒክ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረችው በ1979 ነው፤ የጎንደሩ ፋሲል ግቢም የተመዘገበው በዚያው ዓመት ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ስለዚች ከተማ ውበት ብዙ ተብሏል፤ ፎቶግራፏም ያልደረሰበት አገር የለም ማለት ይቻላል። ለሕንፃና ለከተማ ፕላን ባለሙያ ግን ከውበቷ ይልቅ አሠራሯ፣ ከአሠራሯም ይልቅ ዛሬ የገጠማት ችግር የበለጠ ያነጋግራል። ይህንን ለመመርመር ደግሞ ከእግር የተሻለ መሣሪያ የለም።

አብዛኛው ጎብኚ በምዕራብ በኩል ባለው በፒሌ በር ይገባል፤ ስትራዱን የተባለውንና ርዝመቱ 300 ሜትር ገደማ የሆነውን አውራ መንገድ ይመላለሳል፤ ግንቡን ዞሮም ወደ መርከቡ ይመለሳል። ጥቂት ሰዓት ብቻ ካለው ሰው ከዚህ በላይ አይጠበቅም። ጊዜ ያለው መንገደኛ ግን ማልዶ፣ መርከቦቹ ሰው ከማራገፋቸው በፊት፣ በተቃራኒው በምሥራቅ በኩል በፕሎቼ አቅጣጫ ቢመጣ ከተማይቱን ጥንት ነጋዴው ከባልካን አገሮች ሲመጣ ባያት መልክ ያገኛታል።

ከበሩ ውጭ በመጀመሪያ የሚታዩት ከባሕሩ አፋፍ ላይ የተደረደሩት ላዛሬቲ የሚባሉ ረጃጅም የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ያን ጊዜ ራጉዛ ትባል የነበረችው ይህች ሪፐብሊክ፣ ወረርሽኝ ካለበት አገር የሚመጣ ማንኛውም ሰው 30 ቀን ተለይቶ ሳይቆይ ወደ ከተማ እንዳይገባ በ1377 ደነገገች። በዚያን ጊዜ መቆያው ምርካን የተባለ ደሴትና ጻቭታት የተባለ ጎረቤት ከተማ ነበር። በፕሎቼ ያሉት ቤቶች የተሠሩት ግን ከ1590 ጀምሮ ነው። ሌሎች መንግሥታት በወረርሽኝ ዘመን በራቸውን ፈጽሞ ሲዘጉ፣ ከንግድ በቀር መተዳደሪያ ያልነበራት ትንሽ ሪፐብሊክ ግን በሯን ሳትዘጋ የምትጠበቅበትን ዘዴ ፈለገች። ሰውን እያስተናገዱ ከሰው ብዛት መጠበቅ ለዱብሮቭኒክ የዛሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ግንቡ ዙሪያው 1,940 ሜትር ያህል ሲሆን ቁመቱ እስከ 25 ሜትር ይደርሳል። በየብስ በኩል ውፍረቱ ከ4 እስከ 6 ሜትር ነው፤ በባሕር በኩል ግን ይሳሳል። በሰሜን ምዕራቡ ማዕዘን የቆመው ክቡ የሚንቼታ ግንብ የፍሎረንሱ ሚኬሎዞና የዳልማቲያው ዩራይ የደከሙበት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የሪፐብሊኩን ጠባይ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ከቅጥሩ ውጭ በቋጥኝ ላይ የተሠራው የሎቭሪየናጽ ምሽግ ነው። ጠላት ሊመጣበት በሚችለው በኩል ግድግዳው 12 ሜትር ያህል ሲወፍር፣ ወደ ከተማይቱ የዞረው ግድግዳ ግን 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ምሽጉን የያዘ አዛዥ ቢሸፍት ከተማይቱ በመድፍ ልታፈርስበት ትችል ዘንድ ታስቦ የተሠራ ነው። የመንግሥቱ ራስ የሆነው ሬክተርም በሥልጣን ላይ የሚቆየው አንድ ወር ብቻ ነበር። አለመተማመን እንዲህ በድንጋይ ተለክቶ የተሠራበት ቦታ እምብዛም አይገኝም።

ወደ ውስጥ ሲገባ ስትራዱን ጥንት የባሕር ሰርጥ እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በደቡብ በኩል የነበረችው ቋጥኛማ የራጉዛ ሰፈርና በሰሜን በኩል በተራራው ሥር የነበረው ሰፈር የተጋጠሙት ሰርጡ ተሞልቶ ከደረቀ በኋላ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች አንድ ዓይነት የሆኑትም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1667 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን ካፈራረሰና በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ መንግሥቱ አሠራሩን ወስኖ ስላስገነባቸው ነው። የሱቆቹ በር በተለይ መታየት ያለበት ነው፤ በሩና መስኮቱ በአንድ ቅስት ሥር ተጣምረው የተሠሩ ሲሆን፣ የመስኮቱ ደፍ ለባለሱቁ የዕቃ ማቅረቢያ ጠረጴዛ ሆኖ ያገለግላል። ገዢው ከውጭ፣ ሻጩ ከውስጥ ቆመው ይገበያያሉ፤ መተላለፊያውም አይጨናነቅም።

ከ1667 በፊት የነበረችው ከተማ ምን ትመስል እንደነበር ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ቅዱስ ብላስዮስ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። የከተማይቱ ጠባቂ የሆነው የዚህ ቅዱስ የብር ሐውልት በእጁ የያዘው የከተማይቱን ቅርጽ ነው፤ የፈረሰው አሮጌ ካቴድራልም በዚያ ላይ ይታያል። በ1522 ያለቀው የስፖንዛ ቤተ መንግሥት ግን ከመንቀጥቀጡ ተርፎ በቦታው አለ። ቀረጥ መቀበያም ገንዘብ ማተሚያም ነበር፤ ዛሬ የሪፐብሊኩ መዛግብት የሚጠበቁት በዚያ ነው። በፒሌ በር አጠገብ ያለው ባለ 16 ጎኑ ምንጭ ኦኖፍሪዮ ዴላ ካቫ የተባለ ኢጣሊያዊ በ1438 የሠራው ሲሆን፣ ውኃው ከሹሜት 12 ኪሎ ሜትር ያህል በቦይ ተስቦ የመጣ ነው። ጎብኚው ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው ምንጩን ነው፤ ቦዩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከአውራው መንገድ አምሳ እርምጃ ብቻ ፈቀቅ ቢሉ ጫጫታው ይጠፋል። በሰሜን ያሉት ጠባብ የደረጃ መንገዶች ቀጥ ብለው ወደ ግንቡ ይወጣሉ። በደቡብ ያለው የፑስቲየርና ሰፈር ግን ጠማማና ጨለምለም ያለ ነው፤ ከመሬት መንቀጥቀጡ ወዲህ ያልተሠሩ ፍርስራሾችም እስከ ዛሬ በውስጡ አሉ። በዚህ ሰፈር የሚሄድ ሰው ቀና ብሎ ማየት አለበት፤ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ያለበት ቤት ሰው አለበት፤ ከበሩ አጠገብ የቁልፍ ሣጥን የተሰቀለበት ግን የእንግዳ ማረፊያ ነው።

ከግንቡ ላይ ሆኖ ጣራዎቹን ለሚመለከት ደግሞ ሁለት ዓይነት ቀለም ይታየዋል፤ ደብዘዝ ያለው አሮጌ ሸክላ ነው፤ ደማቁ ከጦርነቱ በኋላ የተተካ ነው። ከጥቅምት 1991 ጀምሮ ከተማይቱ ተከባ ስትደበደብ፣ በተለይም ታኅሣሥ 6 ቀን 1991፣ በአሮጌው ከተማ ካሉት 824 ሕንፃዎች 563ቱ ተመትተዋል፤ ዘጠኝ ቤተ መንግሥቶችም ተቃጥለዋል። በዚህም ምክንያት እስከ 1998 ድረስ አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይታለች። የጥገናው ሥራ የሚያስመሰግን ነው። በዚህ በኩል በ1952 የተቋቋመው የዱብሮቭኒክ ጥንታዊ ቅርሶች ወዳጆች ማኅበር ሊጠና የሚገባው ነው፤ ግንቡን የሚያስተዳድረው እርሱ ሲሆን የመግቢያውን ገንዘብ ለጥገና ያውለዋል።

ጣራው ተመልሷል፤ ነዋሪው ግን አልተመለሰም። በጦርነቱ ዋዜማ በቅጥሩ ውስጥ 5,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ወደ 1,500 ወርዷል። ቤት ለእንግዳ ሲከራይ የሚያስገኘው ገንዘብ ለቤተሰብ ከሚከራየው እጅግ ስለሚበልጥ፣ ሥጋ ቤቱና ጫማ ጠጋኙም ደንበኞቻቸውን ተከትለው ወጥተዋል። በዚህ ባለርስቱን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይሆንም፤ በደረጃ ላይ የገበያ ዘንቢል ተሸክሞ የሚወጣው አዛውንት ቤቱን አከራይቶ ወደ ሜዳ ቢወርድ ማን ይፈርድበታል? የከተማው አስተዳደር በ2019 በቀን ከሁለት መርከብ፣ በአንድ ጊዜም ከ4,000 የመርከብ ተሳፋሪ በላይ እንዳይገባ ከመርከብ ኩባንያዎቹ ማኅበር ጋር ተስማማ። በ2024 ደግሞ በአሮጌው ከተማ አዲስ የግል ማረፊያ ፈቃድ እንዳይሰጥ ምክር ቤቱ ወሰነ። የመጀመሪያው ወራጁን ሕዝብ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ግን የቤቱን ጉዳይ ስለሚነካ ይበልጥ ተስፋ የሚጣልበት ነው፤ ቢሆንም ቀድሞ የተሰጠውን ፈቃድ አያስቀርም።

የሐረር ጁገል ባለአምስት በር ግንብ በ2006 በዚሁ መዝገብ ሲሰፍር በውስጡ ሕዝብ ይኖርበት ነበር፤ ዛሬም ይኖርበታል። ስለ ጁገል የሚመክር ባለሙያ ዱብሮቭኒክን ሲጎበኝ በሐምሌ ሳይሆን በኅዳር ይሂድ። ጠዋት በጉንዱሊች አደባባይ ገበሬዎች ጎመንና በለስ ሲሸጡ ገዢዎቹ እነማን እንደሆኑ ይመልከት፤ ማታ ደግሞ ወደ ፑስቲየርና ወጥቶ መብራት የበራባቸውን መስኮቶች ይቁጠር።