ጳጉሜን ከጥቅምት ሲቀድም

እሷ፦ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ገብቶ ፎቶ ሳያነሳ የሚወጣ ማን አለ? ካሜራው ግን ጥዱንም ኮሶውንም በቁጥር ብቻ ነው የሚመዘግባቸው።

እሱ፦ ምን ችግር አለው? ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም መርጦ፣ ኤፍ 2 ተጭኖ «ጥድ» ብሎ መጻፍ ነው። ዊንዶውስ ቁጥሩን ራሱ ይጨምርለታል።

እሷ፦ ኮሶውም ጥድ ሆኖ ያርፋላ! መጀመሪያ በየዛፉ ፎልደር ለይ እንጂ።

እሱ፦ እሺ፣ በስሙ ላይ ቀኑን እንዴት ልጻፍ?

እሷ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። መስከረም 01፣ ጥቅምት 02፣ እያለ ጳጉሜን 13። ዜሮዋን ከተውካት አንዳንዱ ፕሮግራም 1፣ 10፣ 11፣ 12፣ 13 ብሎ ነው ወደ 2 የሚመጣው። ጳጉሜን ከጥቅምት ይቀድምልሃል።

እሱ፦ ጉድ ነው!

እሷ፦ ከዚህ የባሰው ፊደሉ ነው። አንዱ «እጽዋት»፣ ሌላው «እፅዋት» ብሎ ይሰይማል። ለኮምፒውተሩ ጸ እና ፀ ለየቅል ናቸው፤ ስትፈልግ ግማሹ ይቀርብሃል።

እሱ፦ ታዲያ ቁጥር ብቻ አይሻልም? በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ለየመጽሐፉ ቁጥር አልሰጠም እንዴ?

እሷ፦ ሰጥቷል፤ ግን እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ካታሎግ ባይጽፉለት ቁጥሩ ለማን ይናገር ነበር? አንተም የድሮውንና የአዲሱን ስም ዝርዝር በኤክሴል ያዝ። ደግሞ በፎቶዎቹ ቅጂ ላይ እንጂ በዋናዎቹ ላይ አትሞክር።

እሱ፦ ኮንትሮል ዜድ እያለልኝ?

እሷ፦ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ተኝተህ ስትነሳማ የለልህም።