ሐኪሙ ስለ ቃጠሎ ሲናገር ምን ማለቱ ነው?
(በቢሾፍቱ ለቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ቃጠሎ ሕክምና ቃላት ነው። ቃል ምን ያደርግልናል ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ልጁ ላይ የፈላ ሽሮ ተደፍቶበት ወደ ሐኪም ቤት የሮጠ ሰው፥ «ሰከንድ ዲግሪ ነው፤ ግራፍት ያስፈልገዋል» ሲባል ትርጉሙን ባለማወቁ እሺ ማለት ሲገባው እንቢ ይላል። ከቃላቱም አንዳንዶቹ ሰዓት የሚቈጠርባቸው ናቸው።

ከቃሉ በፊት ግን ውሀ። የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሀ 20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ ነው። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን በጣሳ እየቀዱ ማፍሰስ ይበቃል። ሕፃን እንደሆነ የቀረው ገላው እንዳይበርደው ይሸፈን። ቅቤ፥ እንቍላል፥ የጥርስ ሳሙና፥ ጭቃ አይቀባም፤ ሐኪሙ ቍስሉን እንዳያይ ይጋርዱታል፥ ሲጠረጉም ሕመሙ እጥፍ ነው።

«ዲግሪ» ሲባል የዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ የቃጠሎው ጥልቀት ነው። ፈርስት ዲግሪ የላይኛው ስስ ቈዳ ብቻ ሲቀላና ሲለበልብ ነው፤ በጥቂት ቀን ይድናል። ሰከንድ ዲግሪ ወደ ሁለተኛው ድርብ ሲገባ ነው፤ ውሀ ይቋጥራል፥ ብርቱ ሕመም አለው። የቋጠረውን በመርፌ ማፍረጥ የቤት ሥራ አይደለም። ሰርድ ዲግሪ ቈዳው እስከ ሥሩ ሲቃጠል ነው፤ ይነጣል ወይም ይጠቍራል፥ እንደ ቍርበት ይደርቃል። የሚገርመው መካከሉ አያምም፤ ሕመም የሚያሰማው ነርቭ አብሮ ተቃጥሏልና። «ሕመሙ ተወው፥ ተሽሎታል» ተብሎ ቤት የሚቀረው ብዙ ጊዜ ይኸው ሰው ነው።

«ፐርሰንት» ደግሞ ስፋት ነው። የበሽተኛው የራሱ መዳፍ ከነጣቶቹ ከጠቅላላ ገላው 1 በመቶ ያህል ይሆናል። በአዋቂ አንድ እጅ ሙሉው 9፥ አንድ እግር 18 ተብሎ ይቈጠራል። ራስ በአዋቂ 9 ሲሆን በሕፃን 18 ያህል ይደርሳል። እንግዲህ ለእኛ ትንሽ የሆነች አንድ ስኒ ሻይ ለሕፃን ብዙ ናት።

ቃጠሎው ሲሰፋ፥ ይኸውም በአዋቂ 20፥ በልጅ 10 በመቶ ገደማ ሲደርስ፥ ፈሳሽ ከደም ሥር እየሰረገ ይወጣል፤ ኩላሊት ይደክማል። ስለዚህ በደም ሥር «ፍሉይድ» ይሰጣል። በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ባለው ሆስፒታል ስም ፓርክላንድ የሚባል ሒሳብ አለ። 50 ኪሎ የሚመዝንና 20 በመቶ የተቃጠለ አዋቂ፥ 4 ሚሊ ሊትር በ50 በ20 ሲባዛ፥ በ24 ሰዓት 4 ሊትር ይደርሰዋል፤ ግማሹ በመጀመሪያው 8 ሰዓት ይገባል። ልብ በሉ፤ 8ቱ ሰዓት የሚቈጠረው ሐኪም ቤት ከደረሰበት ሳይሆን ከተቃጠለበት ነው። ጧት በ1 ሰዓት ተቃጥሎ በ7 ሰዓት የደረሰ ሰው 2 ሰዓት ብቻ ቀርቶታል። «መቼ ተቃጠለ?» ስትባሉ እውነተኛውን ሰዓት ንገሩ፤ ዘግይተናል ብላችሁ ተሳቃችሁ አታሳጥሩት። ወደ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል «ሪፈር» ቢባልም ያው ሰዓት በወረቀቱ ላይ መጻፉን ጠይቁ።

«ኤፒለፕሲ አለበት ወይ?» ተብሎም ይጠየቃል። የሚጥል በሽታ ማለት ነው፤ ይዞት ምድጃ ላይ የሚወድቅ ሰው አለና። አንዳንዱ አፍሮ ይደብቃል። ይባስ ብሎ ይተላለፍብኛል ብሎ እሳት ላይ የወደቀውን ለማውጣት የሚፈራ አለ። በመንካትም በለሀጭም አይተላለፍም፤ ጎትታችሁ አውጡት! ለሕመሙም መድኃኒት አለው፤ ካልተነገረ ግን ቍስሉ ድኖ ሰውዬው ተመልሶ እዚያው ይወድቃል።

«ደብራይድመንት» የሞተውን ቈዳ ማንሣት ነው። ጭካኔ አይደለም፤ የሞተ ቈዳ የጀርም ማዕድ ነው። የቤታችሁም ንጽሕና እዚህ ይገባል፤ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ፋሻው አይነካ፥ አንሶላው ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሁን፥ ዝንብም አይድረስበት።

«ስኪን ግራፍት» ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ የሌላ ሰው ቈዳ ይመስለዋል። አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከበሽተኛው ከራሱ ጭን ስስ የላይኛው ቈዳ ተልጦ ቍስሉን ያለብሱታል። የተላጠው ቦታ በሁለት ሳምንት ገደማ በራሱ ይድናል።

«ኮንትራክቸር» የሚለው ቃል ይልቁንም የቤተሰብ ነው። ቍስል ሲድን ይኰማተራል። አንገቱ የተቃጠለ ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ጣል ማድረግ፥ ክርኑ የተቃጠለ ማጠፍ ይቀለዋል፤ በዚያው ከዳነም እንደታጠፈ ይቀራል። ስለዚህ አንገቱ ፊት ለፊት ለተቃጠለ ትራስ አይደረግም፤ ክርን ይዘረጋል፤ ብብቱ የተቃጠለ ክንዱን ከጎኑ ያርቃል፤ ጣቶች አንድ ላይ ሳይሆን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጠቀለላሉ። ልጁ ሲያለቅስ አያቱ «ተዉት፥ ይረፍበት» ይላሉ። አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው፤ ግን እጁን የሚያስቀረው ያ ዕረፍት ነው። ከሐኪም ቤት ከወጣ በኋላም ጠባሳው ለወራት ስለሚሳብ፥ ማፍታታቱ ፊዚዮቴራፒው ባሳየው መሠረት በየቀኑ ይቀጥላል።

የቆየ ኮንትራክቸርም ቢሆን በቀዶ ሕክምና ሊፈታ ይችላል። ከዓመታት በፊት ተቃጥሎ እጁ እንደታጠፈ የቀረ ልጅ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ካለ፥ አምጡትና ይታይ።