ስለ መድረክ መብራታችን
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችን፣ እንዲሁም በ2015 ዓ.ም ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ከካርቱም መጥታችሁ ከእኛ ጋር የተቀላቀላችሁ ወገኖች፤

ኮሚቴው «እናንተ ነባሮች ስለ ድሮው አንድ ነገር ተናገሩ» ሲለን፣ ስለ መዋጮውና ስለ ዕድሩ የሚናገር ሌላ ሰው ስለማይጠፋ፣ እኛ ስለ መብራት እንናገራለን አልን። ተሳቀብን። ባለ ሱቅ ስለሆንን አምፖል ልንሸጥ የመጣን መስሏቸው ይሆናል። የምንናገረው ግን ስለ ቴአትር መብራት ነው።

ቴአትርና ስደት በዚህ አገር ከእኛ በፊትም ተገናኝተዋል። ከአማርኛ ቴአትር ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ዮፍታሔ ንጉሤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ስደቱን ያሳለፈው በሱዳን ነበር። እኛ እንግዲህ ከእርሱ ጋር የምንወዳደር አይደለንም። ጎንደር ተማሪ ሳለን ያየነውን የኪነት ትርኢት በልባችን ይዘን መጥተን፣ እዚህ ገዳሪፍ ለእንቁጣጣሽ አጫጭር ድራማ እንሠራ ነበር። ስለ ብርሃን የምናውቀው ብዙ ቢሆን ጥሩ መሆኑን ብቻ ነው። ሁለት ትልልቅ ፓውዛ ከመድረኩ ፊት መሬት ላይ እናስቀምጥና እናበራለን። የተዋናዩ ጥላ ከኋላው ግድግዳ ላይ ግመል ያክላል። አባት ሞተ ተብሎ ሲለቀስ ሕዝቡ በጥላው ይስቃል።

በ1997 ዓ.ም ክረምት አንድ ልጅ በመተማ በኩል ገባ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር የተማረ ነው። ቀን አረም እያረመ፣ ማታ ሱቃችን በር ላይ ይቀመጥ ነበር። መብራታችንን ያየ ቀን «ጋሼ፣ ይህ እኮ ሰውን ጅብ ያስመስላል» አለን። ከመደርደሪያ የእጅ ባትሪ አነሣና ከአገጩ ሥር ወደ ላይ አበራው፤ እውነትም አስፈራን። ከአናቱ በላይ ሲይዘው ዓይኑ ጉድጓድ ሆነ። ከጎን ሲያደርገው ግማሽ ፊቱ ጠፋ። ቀጥሎ ሁለት ባትሪ አስያዘን፤ አንዱን ከቀኝ፣ አንዱን ከግራ፣ ሁለቱንም ከፍ አድርገን ወደ ፊቱ አዘነበልናቸው። ያን ጊዜ ሰው ሆነ። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ስታንሊ ማካንድለስ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስተማረው ነገረን። ሁለቱ መብራቶች በ45 ዲግሪ ይሰቀላሉ፤ አንዱ ሞቅ ያለ፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ቀለም ይሰጠዋል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ሰማያዊው ከበዛ አመድ የነፋብን ያስመስላል ብሎ ቢጫውን አበዛልን።

ሥራው እንግዲህ እዚህ ላይ ተጀመረ። ባለ 500 ሻማ ፓውዛ ሦስት አለን፤ ተደምሮ 1,500 ዋት ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 7 አምፔር ይመጣል። እኛ ልንዘረጋ ያሰብነው ሽቦ የአንድ አምፖል ሽቦ ነበር፤ ቤቱን ልናቃጥል ነበር ማለት ነው። ወፍራም ሽቦ ገዛን። ሰማያዊ የከረሜላ መጠቅለያ ፓውዛው ላይ ለጥፈን ወዲያው ጨስ አለ፤ ራቅ አድርገን በሽቦ ማንጠልጠል ግድ ሆነ። መብራቱን ቀስ አድርጎ የሚያደበዝዝ መሣሪያ ስላልነበረን፣ የዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ አንድ ሰው በጓንት ይዞ በፓውዛው ፊት በዝግታ እንዲጋርደው ተደረገ።

እንቁጣጣሽ ገዳሪፍ ላይ የሚውለው ኸሪፍ ሳያልፍ መሆኑን ታውቃላችሁ። የሚበር ነገር ሁሉ ወደ መብራት ይመጣል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንዱ ተዋናይ አንበጣ ውጦ ንግግሩን አቋርጧል። ልጁ ከግቢው ጥግ፣ ከመድረኩ ርቆ፣ አንድ ነጭ አምፖል ለነፍሳቱ ብቻ አስሰቀለ። ነጭ ብርሃን ከቢጫው ይልቅ ይስባቸዋል። መድረኩ ጸዳ። በአጥሩ ላይ ደግሞ የሰሊጥ ጆንያ ጋረድን፤ ብርሃኑ ወደ መንገድ እንዳይወጣ። ከተዋንያኑ መካከል ወረቀት የሌላቸው ነበሩ፤ ከሻ ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

የመስከረም 1 ቀን 1998 ዓ.ም ማታ ድራማው ስለ አንዲት እናት ነበር። የምትጫወተው ልጅ ሻይ እየሸጠች የምትኖር፣ የራሷን እናት ድምፅ ከሰማች ሦስት ዓመት ያለፋት ነበረች። በመጨረሻው ትዕይንት የልጇን ደብዳቤ ታነባለች። ደብዳቤውን ገና ስትከፍተው የከተማው መብራት ጠፋ። ጀነሬተር እንከራይ ብለን፣ ጩኸቱ ቃሉን ይውጠዋል በሚል ትተነው ነበር። አንዳንዱ ሰው ባትሪውን አውጥቶ ዓይኗ ላይ ያበራባት ጀመር፤ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ልጁ ከጎን «ወደ እሷ አይደለም! ወደ ነጠላው! እማማ፣ ነጠላችሁን ከፍ አድርጉልኝ!» አለ። ከፊት የተቀመጡት እናቶች ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ያዙ፤ ባትሪው ሁሉ ከመድረኩ በኩል ወደ ነጭ ልብሳቸው ዞረ። ከነጠላው ተመልሶ ፊቷ ላይ ያረፈውን ብርሃን እስከዛሬ በገዛነው ፓውዛ ሁሉ አላገኘነውም። ደብዳቤውን አንብባ ጨረሰች። የተጻፈላትን እንዳልነበር ያወቅነው ጽሑፉን ያጠናነው ጥቂቶች ነን፤ ስለ ራሷ እናት ነበር ያነበበችው።

ልጁ በኅዳር የሰሊጥ አጨዳውን ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ሰሜን ሄደ። እንዳይሄድ ለመንነው፤ ሱቁ ውስጥ እንዲሠራም ጠየቅነው። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ጊዜ ከትሪፖሊ ደወለ፤ ስለ ሽቦው ጠየቀን። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከካርቱም የመጡት ልጆች ድራማ እንሥራ ብለው ኮሚቴውን ጠይቀዋል፤ «በዚህ ጊዜ ምን ድራማ አለ» ያሉም አሉ። ክርክሩን እናከብራለን፤ ግን በ1998ም ጊዜው አልነበረም። ወጪውን አስልተነዋል። ዛሬ ባለ 50 ዋት ኤልኢዲ የድሮውን ባለ 500 ፓውዛ ሥራ ይሠራል። ሦስቱ 150 ዋት ናቸው። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሶላር ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም ሦስት ሰዓት ይበቃናል፤ የከተማው መብራት ቢጠፋም አይጨንቀንም። መብራቶቹን ከሱቃችን እንሰጣለን፤ ባትሪውን ለአንድ ማታ የሚያውሰን አባል እንፈልጋለን።

ልጁ መብራቶቹን የነደፈበት ደብተር ከዱቤ መዝገባችን ጎን አለ። እርሳሱ ደብዝዟል፤ ልጆቹ እሑድ ከሰዓት መጥተው ይገልብጡት። እናቶች ግን ኤልኢዲ ተገኘ ብላችሁ ከፊት ወንበር እንዳትነሡ፤ ነጠላችሁንም እንዳትረሱ።