«ጠፋ» ከማለታችን በፊት

(በቀድሞ ተማሪዎች የዳግም መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)

ትዝታ የሚያወሩ ብዙ ስላሉ እኔ ስለ አንድ የሥራ ልማድ ላውራ፤ የጠፋ ፋይል ስለ መመለስ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የመመረቂያ ሥራው የጠፋበት ተማሪ ግን ትንሽ አይለውም።

በእኛ ጊዜ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። አንዱን ጽሑፍ «ፋይናል»፣ ቀጥሎ «ፋይናል 2»፣ ከዚያ «እውነተኛው ፋይናል» እያልን ፍላሽ ላይ መከመር ነበር። ፍላሹን ቫይረስ ከያዘው ወይ መብራት መሀል ላይ ከሄደ በቃ፣ እግዜር ያውቃል። ዛሬም ግቢ ውስጥ ስዞር ይኸው ልማድ አለ።

መድኃኒቱ ግን ከተገኘ ቆይቷል። ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስ ከርነል ሠራተኞች ሥራቸውን እንዲያቀናጁበት ጊት የተባለውን ሶፍትዌር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ክፍያ የለውም፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አሠራሩን ለጀማሪ የማስረዳው በቢሮ ወግ ነው። ጠረጴዛ ላይ የምንጽፈው ረቂቅ አለ፤ ይህ የምንሠራበት ፎልደር ነው። ለፊርማ በዶሴ ያዘጋጀነው አለ፤ ይህ «ስቴጅ» ይባላል። ተፈርሞ መዝገብ ቤት የገባ አለ፤ ይህ «ኮሚት» ነው። ፋይል ጠፋ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «ከሦስቱ የትኛው ጋ ቀርቷል?» ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ አለቀልኝ በቃ!» አለኝ። ጊትን መማር ከጀመረ ገና ሳምንቱ ነው። ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ የተማሪዎችን መገኘት የሚመዘግብ ፕሮግራም ሲሠራ አንዱን ዋና ፋይል አጥፍቶታል። ጓደኛው ደግሞ «ጊት ሪስቶር ጻፍና ነጥብ ጨምርበት፣ ሁሉም ይመለሳል» ብሎ መክሮታል።

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ጊት ስታተስ በል» አልኩት። ሁለት መስመር በቀይ ወጣ፤ አንደኛው የጠፋው ፋይል፣ ሁለተኛው የተለወጠ ፋይል። «ይሄኛውስ ምንድን ነው?» ስለው «የሪፖርቱ ክፍል ነው፤ ሦስት ቀን ሠርቼበታለሁ፣ ገና ኮሚት አላደረግኩትም» አለኝ።

ያቺ ነጥብ «እዚህ ፎልደር ያለውን ሁሉ» ማለት ናት። ትዕዛዙ ቢሰጥ ኖሮ የጠፋው ፋይል ይመለስ ነበር፤ የሦስት ቀኑ ሥራ ግን በአሮጌው ይተካ ነበር። እሱን ደግሞ ጊት ፈጽሞ መዝግቦት ስለማያውቅ ከየትም አያመጣውም። ስለዚህ የጠፋውን ብቻ በስሙ ጠርተን «ጊት ሪስቶር» አልን፤ ወዲያው ተመለሰ። ልጁ ደስ ብሎት ሊሄድ ሲነሳ «ቁጭ በል» ብዬ ሪፖርቱን ኮሚት አስደረግኩት።

ልብ በሉ፣ የሚመልሰውም የሚደመስሰውም ያው አንዱ ትዕዛዝ ነው። ጊት ራሱ በስታተስ መልእክቱ ላይ ይህ ትዕዛዝ ለውጥን «ለመጣል» እንደሆነ ጽፎ ያሳያል። የሚያነበው ግን ስንቱ ነው?

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። «ስቴጅድ» የሚለው ቃል ሲጨመርበት ፋይሉን ከዶሴው ያወጣዋል እንጂ ጠረጴዛ ላይ ያለውን አይነካም። የቆየ ቅጂ ከተፈለገ በ«ጊት ሎግ» የኮሚቱን መለያ ፈልጎ «ሶርስ» ብሎ መስጠት ነው። የጠፋው ኮሚቱ ራሱ ከመሰለ ደግሞ «ጊት ሪፍሎግ» አለ፤ በተለመደው አደረጃጀት እስከ 90 ቀን፣ ከየትኛውም ቅርንጫፍ ለተለየ ኮሚት እስከ 30 ቀን ዱካውን ይይዛል። የቆያችሁ ባለሙያዎች «እኛ የለመድነው ቼክአውት ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ቼክአውት ቅርንጫፍ መቀየሩንም ፋይል መመለሱንም አጣምሮ ይዞ ጀማሪውን ግራ ያጋባ ስለነበር፣ ሪስቶር እ.ኤ.አ. በ2019 ራሱን ችሎ ወጣ።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። ጊትም ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ካለ ላፕቶፑ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል። ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ ፍላሽ ላይ ሁለተኛ መዝገብ ከፍቶ በ«ፑሽ» መላክ ይቻላል። ያው የድሮው ፍላሽ፣ አሁን ግን ሙሉ ታሪኩን ይዞ።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ስጡልን። ተማሪው ፋይሉን ሆን ብሎ ያጥፋ፣ ያበላሽ፣ ከዚያ ይመልስ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው በመመረቂያው ዋዜማ እየተንቀጠቀጠ መሆን የለበትም። አማካሪዎችም ከፕሮጀክቱ ጋር የኮሚት ታሪኩን ብትጠይቁ ተማሪው በየቀኑ ይመዘግባል። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ በዓመት አንድ ከሰዓት መጥተን አጠገባቸው ብንቀመጥ ብዙ አይደለም። እኔ ለመምጣት ቃል ገብቻለሁ፤ አብሮኝ የሚመጣ ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ ያግኘኝ።