በርበሬውን ለፀሐይ፣ ልጁን ለጓዳ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የቆሼ ሴቶች የፀሐይን ጥቅም እናውቃለን። በርበሬያችንን ሸራ ላይ አስጥተን ስናገላብጥ እንውላለን፤ ደመና ሲመጣ ሮጠን እናነሳለን። እግሩ የተጣመመ ልጃችንን ግን «ዓይን እንዳይበላው» ብለን ጓዳ ያስቀመጥን አለን። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛው ራሳችን አድርገነዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አካል ጉዳተኛ ልጆችን በዳስ ሰብስበን ማስተማር ስንጀምር ያሰብነው ስለ ፊደል ብቻ ነበር። ልጆቹ ደጅ ሲወጡ ግን ጉዳታቸውም ታየ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አየቻቸው። ለጤናቸው መሻሻል መነሻው ይኸው መታየታቸው ነው።

እግሯ እንደ ቀስት የጎበጠ አንዲት ልጅ ስትመረመር ሕመሟ ሪኬትስ ሆኖ ተገኘ። ሪኬትስ አጥንትን ያለሰልሳል፤ ዋናው መንስኤው የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ይህን ቫይታሚን ቆዳችን የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ነው። ልጅቷ መድኃኒቷን ወሰደች፤ ወተትና እንቁላል ተጨመረላት፤ ፀሐይም አገኘች። በእናቷ ጀርባ ታዝላ ትመጣ የነበረችው ዛሬ በእግሯ ትመጣለች። እግሯ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልቀናም።

ሁሉንም ፀሐይ አያድነውም። እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ የተወለደ ሕፃን በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ይቃናል፤ ከዚያም እስከ 4 ዓመቱ ገደማ ሲተኛ ልዩ ጫማ ያደርጋል። ቶሎ ሲጀመር ይቀላል። በፖሊዮ የሰለለ እግር ግን ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ለልጁ ክራንችና እንቅስቃሴ፣ ለታናናሾቹ ክትባት ያስፈልጋል።

መንገዱ አዲስ አይደለም። ግሬስ ኪሚንስ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1903 በእንግሊዝ አገር፣ ቼይሊ በምትባል መንደር ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍታ ልጆቹ ንጹሕ አየር እያገኙ እንዲማሩ አድርጋለች። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው ቼሻየር መናገሻ በሚገኘው ማዕከሉ ብዙ ልጆችን በእግራቸው አቁሟል።

ለጋሾቻችን፣ ጀሶ በየሳምንቱ ሲቀየር የመኪና ኪራይም በየሳምንቱ ነው፤ አንዲት እናት ሕክምናውን መሐል ላይ የምታቋርጠው ልጇን ስለማትወድ ሳይሆን የመሳፈሪያ ስለምታጣ ነው። እርዳታችሁን የምንሻው ለዚህ ነው።

እህቶቻችን፣ ጎረቤታችሁ ጓዳ ያለውን ልጅ ታውቁታላችሁ። በመጪው ቅዳሜ እናቱን ቡና ጠጡባትና ልጁን ይዛችሁ ኑ።