ግድግዳ ከማፍረሳችሁ በፊት
(በጊቫት ኦልጋ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



አዲስ ቤት የገባ ሰው ቤቱን እንደሚመቸው ማስተካከል ይወዳል። ብዙዎቻችሁ «የወጥ ቤቱን ግድግዳ ብናፈርሰው ሳሎኑ ለእንግዳ ይሰፋልናል» ትላላችሁ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በአገር ቤት የጭቃ ቤት ጣሪያን የሚሸከሙት ምሰሶውና ቋሚው ናቸው። ጭቃው ቢረግፍ ቤቱ አይወድቅም። እዚህ ግን ተሸካሚው በልስን ተሸፍኗል። ብሎኬቱ ክፍል ለመለየት ብቻ የቆመ ይሁን፣ ወይም በውስጡ ብረትና ኮንክሪት ይዞ የላዩን ፎቅ የተሸከመ፣ በማንኳኳት አይታወቅም።

እ.ኤ.አ. በሜይ 24 ቀን 2001 በኢየሩሳሌም የቬርሳይ አዳራሽ ወለል በሰርግ መሀል ተደርምሶ 23 ሰዎች ሞተዋል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከሥሩ ያሉ ግድግዳዎች ፈርሰው ነበር። ክፍል መለያ ቢሆኑም ደካማውን ወለል ደግፈው ይዘውት ነበር።

ስለዚህ በሐዴራ ማዘጋጃ ቤት የምህንድስና ክፍል የሕንፃውን ማኅደር፣ «ቲክ ቢንያን» የሚባለውን፣ ጠይቁ። ፕላኑን ለተመዘገበ የኮንስትራክሽን መሐንዲስ አሳዩ፤ ፕላን ባይገኝም ቤቱን መጥቶ ይመርምር። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የግንበኛ ቃል ብቻ አይበቃም። ቤቱ የአሚዳር ወይም የግል አከራይ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ከ1992 ወዲህ በተሠሩ ቤቶች የሚገኘውን የ«ማማድ» ግድግዳ ግን አትንኩ፤ በሮኬት ጊዜ መጠለያችሁ ነው።

ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ ወረቀቱን ወደ ማኅበሩ አምጡ፤ አብረን እናነበዋለን።